በየእርምጃው የሚቀያየር ሳንቲም

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሞላው። ቤት ደህና ነው። እማዬ ፊሽካህን ከግድግዳው አላወረደችውም፤ ጌሾህን ግን ነቅላ ጎመን ተክላበታለች፤ እንዳትቀየማት። አንተ ትዳኘው የነበረው የብቸናና የሞጣ ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ግጥሚያም አልቀረም። አዲሱ ዳኛ ሩጫ እንጂ ዳኝነት አይችልም እያሉ ያሙታል።

ትናንት የፊዚክስ መመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ቀርቤ ዲፌንድ አደረግሁ። አለፍሁ አባዬ፤ ገና አሁን ተነፈስሁ።

ርዕሴን የመረጥሁ ሰሞን ምንድን ነው ብትለኝ፣ ኋላ አስረዳሃለሁ ብዬ አለፍሁህ። አሁን ላስረዳህ። አንዲት ቅንጣት በየእርምጃዋ ሳንቲም እየተጣለላት ትጓዛለች እንበል፤ ዘውድ ሲወጣ ወደ ቀኝ፣ ጎፈር ሲወጣ ወደ ግራ። የኳንተም፣ ማለት የእጅግ ጥቃቅኑ ዓለም፣ ሳንቲም ግን ዘውድም ጎፈርም ባንዴ ይሆናልና ቅንጣቷም በሁለቱም በኩል ትሄዳለች። እየሄደች ሳንቲሙና ያለችበት ቦታ ይጠላለፋሉ፤ አንዱን ነጥለህ ብታይ ሙሉውን ነገር አታገኘውም። እኔ ይህ መጠላለፍ እንዴት እንደሚፈጠር በኮምፒውተር አሰላ ነበር።

ላስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ፕሮግራሜ ላይ ስህተት አገኘሁ። እስከ መጨረሻው በአንድ ሳንቲም መሄድ ሲገባው፣ በየእርምጃው በዘፈቀደ ሌላ ሳንቲም ሲያነሳ ከርሟል። የወራት ልፋቴ ገደል ገባ ብዬ አለቀስሁ። ዝም ብዬ ላስረክብም አሰብሁ፤ አልዋሽህም።

ያኔ ሞጣዎች ለብቸና ያደላል ለማለት "ዳኛው የብቸና ሳንቲም ይዞ መጣ" ብለው የሳቁብህ ቀን ትዝ አለኝ። ሳትቆጣ ከነሱው መሀል ሳንቲም ለምነህ ወረወርህ። ከዚያ ወዲህም ለየግጥሚያው ከተመልካች ትዋስ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልኸኝን አልረሳሁትም፦ "ጥፋት የሌለበት ሰው ሳንቲም መቀየር አይፈራም።"

በማግስቱ ለአማካሪዬ ሁሉንም ነገርሁት። ሁለቱንም ዓይነት አስልተሽ አወዳድሪ አለኝ። የሚቀያየረው ሳንቲም መጠላለፉን ያፈርሰዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እርምጃው በበዛ ቁጥር እስከ ጣራው አደረሰው! ከእኔ በፊት ሌሎችም ደርሰውበታል፤ እኔ ግን በስህተቴ በኩል ነው የገባሁት፤ ያንኑም በግልጽ ጻፍሁት። ትናንት ፈታኞቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለዚያው ስህተት ነው። እንደሆነው ተናገርሁ፤ አንደኛው ሳቅ ብሎ ቀጥይ አለኝ።

ከመስከረም ጀምሮ አስተምራለሁ። ስህተቱን ደብቆ የሚጨነቅ ተማሪ ሲመጣብኝ አልቆጣም፤ አጠገቤ አስቀምጬ ስላንተ አጫውተዋለሁ። እኔ እስካስተማርሁ ድረስ ስምህ ከክፍል አይጠፋም።

ልጅህ