የአዴ ሎኮ የፀጉር እጣቢ

ኢየሩስዬ፣

አንቺ ቡራዩ ፀጉር ቤታችን ውስጥ ካስክ ስር ሰው ስታደርቂ፣ እኔ ሻኪሶ አካባቢ የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቼልሻለሁ! ወንድሜን ጌዲን ልጠይቅ መጥቼ፣ ሹሩባ እንደምሠራ ሲሰሙ ማን ይልቀቀኝ?

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አዴ ሎኮ ነበሩ፤ ወርቅ ያለበትን አፈር በጭንቅላታቸው ሲያመላልሱ የሚውሉ ትልቅ ሴት። ፀጉራቸውን በሳፋ አጠብኩና እንደ ቡራዩ ልማዳችን ውሃውን ከድንኳኑ ጀርባ ድፍት አደረግኩት። «ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ ልጄ!» ብለው ፎጣውን እንደጠመጠሙ ብድግ አሉ። ለካ እዚህ የፀጉር እጣቢ አይደፋም፤ የወርቅ ብናኝ አለበታ! ባለፀጉሯ ወስዳ ታጣራዋለች።

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሙሉ ተንበርክከው ጭቃውን ይዝቁ ጀመር። እኔም የሰው ልፋት ደፋሁ ብዬ እንባዬ እየመጣ አብሬያቸው ዛቅኩ። አዴ ሎኮ ጭቃውን በገበቴ እያሽከረከሩ ሲያጥቡት፣ ከሥሩ ጥቂት የሚያብለጨልጭ ነገር ቀረ። እልልታው ቀለጠ! ከዚያ አንዷን ፍሬ በጣታቸው ጫፍ አንስተው መዳፌ ላይ ጫን አደረጉልኝና «ካጠብሽ ድርሻ አለሽ» አሉኝ እየሳቁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማ ብርሃነሽን ሳሚልኝ፤ ደንበኞቼንም እንዳትነጥቂኝ። ፍሬዋን ላንቺ ብዬ ቴምብሩ ሥር ለጥፌያታለሁ። ቴምብሩን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ቀስ ብለሽ አላቅቂው። ታዲያ አደራሽን፣ ውሃውን እንዳትደፊው!

ትጊ