ብብቴ ለሚመለከተው ሁሉ

ለተከበሩ የትልቁ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤና ከእርስዎም ከቤተሰብዎም እንዳይለይ፣ ሁለቱም ክንዶችዎ በሸሚዝዎ እጅጌዎች እኩል እንዲገቡልዎ እመኛለሁ። ምርቃቱ እንግዳ ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ፤ እርስዎ ክፍል ከተኛሁ ወዲህ ሰው በምን በምን ሊመረቅ እንደሚገባው ጠንቅቄ ተምሬአለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። በክፍልዎ ውስጥ «የመስኮቱ ዳር ግራ ጡት» በሚል ስም ስጠራ የነበርኩት ነኝ። ከዚያ በፊት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ የማስተምር መምህርት ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ቀን ልብስ ስቀይር ጣቴ የአተር ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር ላይ ዐረፈ፤ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ነው ተባለ። እናታችንን የወሰደብን ይኸው በሽታ ስለነበር፣ ቃሉን ስሰማ አልደነቀኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው እንደመሆንዎ፣ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ። ተማሪዎችዎን አስከትለው ወደ አልጋዬ የመጡ ዕለት ክንዴን እንደ መጋረጃ ገልጠው፣ ከራሴ በላይ ላሉት ሰዎች «ጡቱ ላይ ያለው ይወጣል፤ የብብቱ ንፍፊቶች ደግሞ በሙሉ ይጠረጋሉ» ሲሉ ስላስረዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ንፍፊት የሚባሉት በጤነኛም ሰው ብብት ውስጥ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች መሆናቸውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ወጣቷ ሐኪምዎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በእጅ ሲዳሰስም ሆነ በአልትራሳውንድ ብብቷ ላይ የተገኘ ነገር የለም» ቢሉ፣ «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» ብለው መለሱላቸው። እውነትዎን ነው። ያ ዐረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሌሎች ሐኪሞች መድኃኒት ብቻ ነው የሚሰጡት፤ እርስዎ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሰጡኝ።

ሁለተኛ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ፀጉር ሠሪ ተኝተው ነበር። ካንሰሩ ከለቀቃቸው ሰንብቷል፤ ወደ ሆስፒታል የተመለሱት፣ ንፍፊቶቻቸው በሙሉ ከወጡ በኋላ ያበጠው ክንዳቸው ቆስሎ ስላተኮሳቸው ነው። የጋውኑ እጅጌ አልገባ ብሎ ነርሷ በመቀስ ሰነጠቀችላቸው። ክንዳቸውን ትራስ ላይ አስተኝተው እንደ አራስ ልጅ ሲያባብሉት ይውላሉ። «ይሄ በእንግድነት መጥቶ አልሄድም ያለ ክንድ ነው፤ ማበጠሪያ እንኳ አያነሳልኝም» ብለው ይስቃሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ክንድ እንዲህ የሚያብጠው በሁሉም ላይ እንዳልሆነ ነርሷ ነግራኛለች፤ እኔ ግን «በሁሉም» ውስጥ ተኝቼ አልነበረም፣ እሳቸው አጠገብ ነበር የተኛሁት።

የእኔ እጅ አፌ ነው። ልጆቹ የጣቶቼን ፍጥነት፣ የክንዴን ከፍታና ዝቅታ አይተው ነው ቁጣን ከቀልድ የሚለዩት። ክንዴ ከከበደ አንደበቴ ተሳሰረ ማለት ነው። ይህን ይዤ ኮሪደር ላይ ተከትዬዎ «ክንዴስ?» ብልዎ፣ ሳይቆሙ «ነፍስሽን ላድን ስል ስለ ክንድ ታወሪኛለሽ?» አሉኝ። በዕድሜ ሳልበልጥዎ ባልቀርም፣ አንቺ ብለው እንደ ታናሽ እህት ስላቀረቡኝ ውለታዎ አለብኝ።

ስለ እህት ካነሳሁ ታላቅ እህቴን ላስተዋውቅዎ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጎን ነበረች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችኝ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያልቆሸሸውን አንሶላ እያራገፈች። «ያውጣው፤ ሥሩን ነቅሎ ያውጣው። እኔ የምፈልገው እህት ነው። በአንድ እጅ ብታቅፊኝም ይበቃኛል።» አንሶላውን በሌላው ጠርዝ ይዤ አብሬያት አራገፍኩ።

ወጣቷ ሐኪም ያገኙኝ በማግሥቱ ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። ጡት አጠገብ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይወጋል፤ ማቅለሚያው ፈስሶ ቀድሞ የሚደርስባቸው ንፍፊቶች የበሩ ዘበኞች ናቸው። ካንሰሩ ከጡት ከወጣ መጀመሪያ የሚያልፈው በእነሱ ነውና፣ እነሱ ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ፤ ንጹሕ ከሆኑ የተቀሩት በቦታቸው ይቆያሉ። ሆስፒታሉ ማቅለሚያውም፣ የሠለጠነ ሰውም እንዳለው ሲነግሩኝ «ታዲያ ለምን?» አልኩ። ወለሉን አዩና «ኃላፊው ብዙም አይወዱትም» አሉኝ። ብብቴ ውስጥ የሚኖረውና የማይኖረው በእርስዎ መውደድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት። ከጀርባ የሚታሰር ጋውን አልብሰውኝ፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር አቆሙኝ። ነርሷ የፈቃድ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ፤ «የብብት ንፍፊቶችን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ» ይላል። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ኮርኒሱ ላይ አንድ መብራት ይርገበገባል፤ ከበሩ ወዲያ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። እውነቱን ልንገርዎ፣ የፈራሁት እርስዎን ብቻ አልነበረም። ብፈርም ክንዴ፣ ባልፈርም ነፍሴ፤ ደግሞስ እኔ ማን ሆኜ ነው፣ እናቴ የሞተችበትን ነገር «ትንሽ ተውልኝ» የምለው? አልፈርምም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የሚባል ጠፋ። ያን ጊዜ እጄ በራሱ ተነሥቶ ተናገረ። ነርሷ የምልክት ቋንቋ አታውቅም፤ ግን ገባት፣ ወረቀቱን አጠፈችው።

ከአልጋው ወረድኩ። ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት። የጋውኑ ጀርባ ተከፍቶ ስለነበር እህቴ ከኋላዬ በሁለት እጇ ገጥማ ይዛልኝ፣ «ጉድ አደረግሽኝ፣ ጉድ አደረግሽኝ» እያለች ተከተለችኝ። ባትስማማም ጋውኑን አልለቀቀችም። እርስዎም ጭምብልዎን ዝቅ አድርገው ብቅ አሉና «ብትሞቺ እኔን እንዳትወቅሺ» አሉኝ። ጌታዬ፣ በዚህ አያስቡ፤ ከሞትኩ በኋላ አንዲት ቃል እንደማልተነፍስ በክብሬ አረጋግጥልዎታለሁ።

አራተኛ። በመካከል ስለሰጡኝ የጥበቃ ጊዜ። ጉዳዬ ለሐኪሞች ጉባኤ ይቅረብ ተብሎ ቀጠሮ እስኪደርስ ወደ ማስተምርበት ክፍል ተመለስኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ እጄ ሳላዝዘው ብብቴ ውስጥ ይገባል፤ ይዳብሳል፣ ያልታየውን ይፈልጋል። አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ተማሪዬ እጇን አወጣችና በጣቶቿ ጠየቀችኝ፦ «ያ ደጋግመሽ የምትዪው ቃል ምንድን ነው? አላስተማርሽንም።» ልጆቹ ሁሉ ብብታቸውን ይዘው መልሴን ይጠብቃሉ። ትርጉም የለውም አልኳቸው። የማላውቀውን ነገር አላስተምርማ።

ጉባኤው ተቀመጠ፤ ወጣቷ ሐኪም ተከራከሩልኝ፣ እርስዎ ተረቱ። ይሁን እንጂ ቢላውን ለሌላ አልሰጡም፤ ራስዎ ሠሩልኝ። እጅዎ የሰለጠነ ነው፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፈው። እብጠቷን አወጡ፤ ማቅለሚያውን የጠጡ ሦስት ንፍፊቶች ወጡ፣ ሌሎቹ ተተዉ። ውጤቱን ስጠብቅ እህቴ አንድ ጊዜም «ብዬሽ ነበር» አላለችም።

ውጤቱም መጣ። ከሦስቱ በአንዷ ውስጥ ካንሰር ተገኘ።

 እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እርስዎ ሲገቡ ሳይ «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» አልኩ በልቤ፤ «አላልኩሽም?» እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አላሉኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቆመው እንጂ ተቀምጠው አይቼዎ ስለማላውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

«ሁለት መንገድ አለ» አሉኝ። «ተመልሰን የቀሩትን ሁሉ ማውጣት አንዱ ነው። ሌላው ብብቱን በጨረር ማከም። እንደ እርስዎ የተገኘው ጥቂት ሲሆን፣ በጥናት እንደታየው ታካሚ በሚኖረው ዕድሜ ላይ የጎላ ልዩነት የላቸውም፤ ጨረሩ ክንድን የማሳበጥ ዕድሉ ያንሳል።» እርስዎ አሉኝ፤ አንቺ ማለቱ ቀረ። እኔም ጠየቅሁ፦ «ይህን የሚያውቁ ከሆነ፣ ያን ዕለት ሁሉንም ሊጠርጉ የነበረው ለምንድን ነው?»

ወንበሩን ወደ አልጋዬ አቀረቡ። ከዚያ «አንዲት ታካሚ ነበረችኝ» አሉ። «ንፍፊቶቿን ተውኩላት። ተመልሶባት ሞተች። ከዚያ ወዲህ መተው እፈራለሁ።»

አምስተኛውና ትልቁ ቅሬታዬ ይኸው ነው። መፍራትዎን አልወቅስም። ፈሪ በፈሪ አይፈርድም። ግን ያን የመጀመሪያ ዕለት፣ አልጋዬ ዙሪያ እንደቆሙ «እኔም እፈራለሁ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ የእርስዎን ፍርሃትና የእኔን ፍርሃት ጎን ለጎን አስቀምጠን የትኛው የማን እንደሆነ እንለይ ነበር። እርስዎ ግን የራስዎን ፍርሃት ከእኔ ብብት ቆርጠው ሊያወጡት ተነሡ። እዚያ አልነበረም፤ ቢፈልጉትም አያገኙትም ነበር።

ጨረሩን መረጥኩ። ቆዳዬ ተቃጥሎ ተላጠ፣ ደከምኩ፣ አለቀ። ክንዴ እስከ ዛሬ አላበጠም፤ ትከሻዬ ግን ይይዘኛል፣ ረጅም ታሪክ ስተርክ አጋማሹ ላይ ዕረፍት እወስዳለሁ፣ ልጆቹም ጨዋ ሆነው ይጠብቁኛል። ትክክል መርጬ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ክትትል በቀረበ ቁጥር እጄ ብብቴ ውስጥ ይገባል። እህቴም ምሳ ሲቀርብ ክንዴን ሰርቃ ታያለች፤ ሳያት ዐይኗን ወደ ሳህኑ ትመልሳለች። ትናንት «ሁሉን ቢያወጣው ይሻል ነበር ይሆን?» አለችኝ። «እንጃ» አልኳት። በሁለቱም እጆቼ አቀፍኳት። ፍርሃቴን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ያ ልዩነት አለው፤ እጅዎ ያልነካውን እንዴት እንደማስረዳዎ ቸግሮኝ ነው እንጂ።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላዋ ሴት አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ሁለቱን መንገዶች ሁለቱንም ይነግሯት ዘንድ፣ ከተቻለም ወንበር ስበው ይነግሯት ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ሦስቱን ለሳይንስ አበርክታ፣ የተቀሩትን ንፍፊቶቿን በአደራ ይዛ የምትኖር፣ ለቢላዎ ስለት ረጅም ዕድሜ፣ ለጆሮዎም ፈጣን ፈውስ የምትመኝ፣

ከልብ አክባሪዎ፣
የመስኮቱ ዳር ግራ ጡት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላስረክብ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በርዎ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ወድጄዋለሁ። ለእኛም ይታተምልን፤ በብብታችን ልክ ተቆርጦ።