የዓርብ ኳስ

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1999
ቢሮ ዋልኩ። አራት ደብዳቤ ታይፕ አደረግሁ። ምሳ በላሁ መሰለኝ...

ባለቤቴ ገሠሠ ከሞተ ሦስት ወር አለፈው። እስካሁን አንድ እንባ አልወጣኝም። በቀብሩ ቀን እናቱ እትዬ ዓባይነሽ ሰው ፊት፣ «የሞተው ባሏ ነው ወይስ መንገደኛ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለንም። ከእሳቸው ሌላ ዘመድ ቦንጋ ውስጥ የለኝም። ምን ልበላቸው? ለምን እንደማላለቅስ እኔም አላውቀውም።

ዓርብ፣ ጥር 18
የስፖርት ቢሮው ጥሩሰው ከሥልጠና አዲስ ጨዋታ ይዞ መጣ። መረብ ኳስ ነው፣ ግን ለሁሉም። ሁለት ባሕር ዛፍ መሀል ገመድ ወጠረ። ኳሷ እንደ ፊኛ ቀላል። አንዴ መሬት ብትነጥርም ጨዋታው ይቀጥላል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ የቢሮ ኃላፊ... ሁሉም ገባ። ባለሱቋ ዙሌካ በረጅም ቀሚሷ ስትሮጥ ሰው በሳቅ ሞተ።

«በዛወርቅ፣ ነይ እንጂ!» አለኝ ጥሩሰው።
«ሐዘን ላይ ነኝ።»
«ቆመሽ ከምታዪ?»

ከል ለብሶ ኳስ? ቆሜ አየሁ። አላሳቀኝም፣ አላስከፋኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 22
ምንም።

ዓርብ፣ ጥር 25
ዙሌካ ቢሮ ድረስ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። «አንድ ሰው ጎድሎናል» አለች። ውሸቷን ነው። ገባሁ... እንቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ኳሷ ስትመጣ እጄ ይነሳል፣ ትሄዳለች። በቃ።

እትዬ ዓባይነሽ ከገበያ ሲመለሱ አዩኝ። በጥቁር ልብስ፣ ኳስ ስመታ። ቆሙ። አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ደጃቸውን አልረግጥም አልኩ። እሳቸውን ሳይ ኳሷ መጥታ ግንባሬን ነካችኝ። መንካት ብቻ።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ጮኼ!

ጥሩሰው ደንግጦ፣ «ዓይንሽን ነው? ውኃ አምጡ!» ይላል። ዙሌካ ኳሷን የመታውን ሰው ትቆጣለች። እትዬ ዓባይነሽ ዘንቢላቸውን ጥለው፣ ሰው ገፍተው መጡ።

«ተዉአት። ኳሱ አይደለም» አሉ።

አጠገቤ ተቀምጠው የልጃቸውን ስም እየጠሩ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ሙሾ አወረዱ። ተከተልኳቸው። አንድ ሰው ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌላው... ተጫዋቹ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ሣሩ ላይ ተደረደረ። ጥሩሰው ኳሷን ታቅፎ ያለቅሳል። ገሠሠን እኮ አያውቀውም!

ቅዳሜ፣ ጥር 26
ዓይኔ አብጧል። እትዬ ዓባይነሽ እኔ ጋ አድረው ጠዋት ሄዱ። በር ላይ «ልጄ» አሉኝ። ቁርስ ሁለት ጊዜ በላሁ።

ገሠሠ ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ።