የወደቀን አታንሱ ያሉት ወጌሻ፦ የወይዘሮ ሽታዬ ዳኜ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሽታዬ ዳኜ ከአባታቸው ከወጌሻ ዳኜ ግዛውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥርጉት ካሣዬ ጥር 21 ቀን 1925 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። ደብረ ሲና ከጣርማበር ቁልቁለት ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና ሁሉ ማረፊያው እሷ ዘንድ ስለነበር የወጌሻ ዳኜ ደጅ ሰው አጥቶ አያውቅም። ሽታዬ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ዋናው ትምህርታቸው ግን በአባታቸው እጅ ሥር ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ብቻ ወለምታን ከስብራት ይለዩ ነበር። አባታቸውም የሚጮህ በሽተኛ ሲያስቸግራቸው የልጃቸው እጅ አያሳምምም እያሉ ለእሳቸው ይተዉላቸው ነበር።

በሐምሌ 1948 ዓ.ም. የደረሰው ነገር በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ ሲወራ ኖሯል። ዛሬ በግልጽ ይነገር። ታላቅ ወንድማቸው ዘሪሁን እህል ከተጫነበት መኪና አናት ላይ ወደቁ። ቀድመው የደረሱት ሽታዬ ነበሩ። "እኔን!" ብለው በብብታቸው ይዘው አነሷቸው፤ ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጧቸው፤ ውሃ አጠጧቸው። ማን ያላደረገውን አደረጉ? ሰው ሲወድቅ እኔን ብሎ ማንሳት የአገሩ ሁሉ ወግ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ጨካኝ ይባላል። አባታቸው ሲደርሱ ጣታቸውን በልጃቸው አከርካሪ ላይ አሳለፉና ማን እንዳነሳው ብቻ ጠየቁ። ሽታዬ እኔ ነኝ አሉ። አባትየው ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተውባቸው አያውቁም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ የከፋ ነበር።

ዘሪሁን ከወገባቸው በታች ሳይንቀሳቀሱ ዘጠኝ ዓመት ተኝተው አረፉ። ዘጠኙንም ዓመት ያጠቧቸውና ያገላበጧቸው ሽታዬ ናቸው። የጎዳቸው ውድቀቱ ይሁን ማንሳቱ ማንም እርግጡን አያውቅም። ሽታዬ ግን በራሳቸው ላይ ፈርደው ጨርሰው ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ጸጋዬ አሥራት ጋር ተጋቡ። አቶ ጸጋዬ የተሰበረ ክንዳቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው፣ ክንዱ ድኖም ያመኛል እያሉ ሁለት ወር ተመላልሰዋል። ሽታዬ ጋብቻውን የተቀበሉት ወንድማቸው አብረዋቸው እንዲኖሩ ቃል አስገብተው ነው። አንድ ልጅ ዓለምሰገድን ወለዱ፤ ታናሽ እህታቸው ሰርክ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ሠናይትንም እንደ ልጃቸው አሳደጉ። ባለቤታቸው በ1968 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሁለቱን ልጆች ይዘው በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ በ1974 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ገቡ።

እዚህ ሳንታ ሞኒካ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆነው ተቀጠሩ። በቀን አሥራ ስድስት አልጋ ነበር። ፍራሽ ማንሳት ወገብ እንደሚበላ ያወቁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ቋንቋቸውን የማይሰሙ የሥራ ባልደረቦቻቸውን በምልክት ያስተምሩ ጀመር። ጎንበስ አትበሉ፣ ተንበርከኩ። ሸክሙን ከሆዳችሁ አታርቁ። ስትዞሩ እግራችሁ ይዙር እንጂ ወገባችሁ አይጠምዘዝ። ለመታሸት የሚመጡ ታክሲ ነጂ ወገኖቻችንንም አልማሯቸውም። አንዱ ዳሌዬን ይነድለኛል፣ እግሬን ይጠዘጥዘኛል ብሎ ሲመጣ፣ ከማሸት በፊት የኋላ ኪሱን ይፈትሹና ወፍራሙን ቦርሳ ያስወጡታል። ቀኑን ሙሉ በቦርሳ ላይ ተቀምጦ ዳሌ ደህና ይሆናል ወይ ነው ጥያቄያቸው። ብዙው በዚሁ ድኗል፤ ወጌሻዋ ኪስ ፈታሽ ናቸው እየተባለም ተቀልዶባቸዋል።

አንድ ነገር ግን አያደርጉም ነበር። ቁርጭምጭሚት፣ ትከሻ፣ ጣት ሲሆን እጃቸው ደፋር ነው፤ አንገትና አከርካሪ ሲሆን አይነኩም። እግር የሚያደነዝዝ የጀርባ ጉዳት፣ ሲያርፉበትም የማይተው የወገብ ሕመም የወጌሻ ሳይሆን የሐኪም ነው ብለው ይመልሳሉ። አሜሪካ ገብታ ፈራች ብለው ያሟቸው ነበሩ።

የ1978 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ አቶ ተፈሪ የሚባሉ ሰው በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ለሚከፍቱት ምግብ ቤት ስም ያለበት ሰሌዳ ይሰቀል ነበር። ሰሌዳውን ይሰቅል የነበረው የሠናይት ባል ብዙአየሁ ነው፤ ከተጋቡ ሰባት ወራቸው ነበር። መሰላሉ ተንሸራተተና ብዙአየሁ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አረፈ። እኔን እኔን እያለ የተሰበሰበው ሰው ሊያነሳው ሲያጎነብስ ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ ሽታዬ ሮጠው ወጡ። በራስጌው ተንበረከኩ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው መካከል አጥብቀው ያዙና ማንም እንዳይነካው ተናገሩ፤ አምቡላንስም አስጠሩ። ብዙአየሁ ነፍሱን ያውቃል።

"እትዬ፣ እግሬ አለ?" አላቸው።

እግሩ ከነጫማው እዚያው ተዘርግቶ ነበር። ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ይበልጥ አጠበቁ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሃያ ደቂቃ የነበረ ሰው አይረሳውም። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ብዙአየሁ ውሃ ይለምናል፤ እሳቸው ይከለክላሉ። አንድ አባት የወደቀን ማንሳት የክርስቲያን ግዴታ እንደሆነ፣ ያውም በዚህ ቀን፣ ተናገሩ። አቶ ተፈሪ መኪናቸውን አስነስተው መጡ። "እትዬ፣ ሆስፒታሉ እኮ ፋይቭ ሚኒት ነው። ሶ እኔ ድራይቭ አደርገዋለሁ፤ ኋላ ወንበር ላይ ብቻ እናስተኛው" አሉ። ብለውም ብዙአየሁን በክንዱ ሊስቡ እጃቸውን ሰደዱ። ወይዘሮ ሽታዬ እጃቸው አልተፈታምና የአቶ ተፈሪን እጅ ነከሱ። ጠባሳው ዛሬም አለ ይላሉ አቶ ተፈሪ፤ እኛ ግን አላየነውም።

ሠናይት ከሥራ ስትደርስ ያየችው ባሏ አስፋልት ዳር ተዘርሮ፣ ያሳደጓት አክስቷ ሰው ሲያባርሩ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአንቱ በቀር ብላቸው የማታውቃቸውን ሴት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንቺ አለቻቸው።

"ወንድምሽን አልጋ ላይ ያስቀረሽው አነሰሽ? ባሌን ደግሞ እዚህ ልትገይው ነው? ተነሺ ከላዩ!"

ወይዘሮ ሽታዬ ቀና አላሉም፤ ቀና ቢሉ እጃቸው ይነቃነቃል።

"ልክ ነሽ" አሉ። "ዘሪሁንን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ይሄን የማላነሳው።"

ቢሳሳቱ ኖሮ ልጁ በእጃቸው ላይ ይሞት ነበር፤ ሁለተኛ ሰው አስቀረች ተብሎም ይነገር ነበር። ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የአምቡላንሱ ሰዎች ደርሰው አንገቱን በማሰሪያ፣ ጀርባውን በጣውላ እስኪያስሩ ድረስ አልለቀቁም። ሲነሱ ጉልበታቸው ተላልጦ ቀሚሳቸው በደም ርሷል።

ሆስፒታል ውስጥ የአንገቱ አጥንት መሰበሩ በራጅ ታየ። ሐኪሙ ወጥቶ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ የያዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ወደ ወይዘሮ ሽታዬ እየተመለከተም ብዙ ተናገረ። እንግሊዝኛ የምታውቀው ሠናይት ናትና ምን አለ ብለው ጠየቋት። የባሏ እግር ገና አልተንቀሳቀሰም፤ ንዴቷም አልበረደም። "ጠብቁ ነው የሚለው" አለቻቸው፤ ሌላውን ዋጠችው።

ጥበቃው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወይዘሮ ሽታዬ በየቀኑ ከሥራ ወጥተው በአውቶቡስ እየመጡ በግርጌው ይቀመጡና ዐይናቸውን ከጣቶቹ አይነቅሉም ነበር። አላሹትም፤ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱን የሚያንቀሳቅሱት እንኳ የሆስፒታሉ ባለሙያ ባሳየቻቸው ልክ ብቻ ነው። በሃያ ሁለተኛው ቀን የግራ እግሩ አውራ ጣት ተነቃነቀ። ወይዘሮ ሽታዬ እልል አላሉም፤ ነርሷን ጠርተው ኮሪደር ላይ ወጥተው አለቀሱ። ብዙአየሁ በምርኩዝ የሄደው በስድስተኛው ወር ነው።

ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እየሰበሰቡ፣ የወደቀ ሰው ስታዩ አታንሱት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ጭንቅላቱን ያዙ፣ አምቡላንስ ጥሩ ብለው ሳይታክቱ አስተማሩ። ሠናይትም ወደ አንቱታው ተመለሰች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። እሳቸውም ነገሩን አላነሱም፤ ዝምታ ከአባታቸው የወረሱት ነገር ነበር። ብዙአየሁ ሲያመሰግናቸው ያነሳህ እግዜር ነው፣ እኔ የማውቀው መጣል ነው ይሉት ነበር። ይህን ሲሉ ሠናይት ከክፍሉ ትወጣለች።

ባለፈው ዓመት የራሳቸው ወገብ ያማቸው ጀመር። ሲያርፉበትም አልተዋቸውም። ለሰው የሚነግሩትን ለራሳቸው አልሰሙም፤ ፍራሽ ያመጣው ነው እያሉ ስምንት ወር ሠሩ። ምርመራው ወደ አከርካሪያቸው የደረሰ ካንሰር መሆኑን ሲያሳይ ጊዜው አልፏል። ኅዳር 8 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ካልቨር ሲቲ በልጃቸው ቤት አረፉ።

ከልጃቸው ከዓለምሰገድ፣ እንደ ልጅ ካሳደጓት ከሠናይትና ከባለቤቷ ከብዙአየሁ ሌላ በእጃቸው የዳነ ብዙ ወዳጅ ትተዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ሠናይት ናት። ሐኪሙ የዚያን ቀን የተናገረው፣ ሳትተረጉመው የቀረችውም እነሆ፦ "ቢያነሱት ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ ተኝቶ ይቀር ነበር። ለእኚህ ሴት ንገሪያቸው፤ ይህ ልጅ ከተራመደ የሚራመደው በእሳቸው እጅ ነው።" ሦስት ዓመት ተኩል አንድ ቤት ገብታ እየወጣች አልነገረቻቸውም። ዛሬም በአንደበቷ ልታነበው አልቻለችም። ስለዚህ የሚያነበው ብዙአየሁ ነው። ካህናቱ ወንበር አቅርበውለት ነበር፤ ቆሜ ነው የማነበው ብሏል።

እግዚአብሔር የእናታችንን የወይዘሮ ሽታዬን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የደከሙ ጉልበቶቻቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።