በጉደር አዳራሽ የተነገረ ቃል

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሂርጳ፤

አካም ጂርታ፣ ወንድሜ? የሰላም አምላክ ከአንተም ከቤትህም አይራቅ። ወገብህ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ ትሠራለህ ወይስ እንደ ልማድህ ከነገ ጀምሮ እያልክ ነው? የባለቤትህ የዶርቃስ ዓይን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠራላት ወይ? ልጃችን አቢጊያስ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች? ሀኖቨር ብርዱ ጀምሯል አሉኝ፤ ጆሮህን ሸፍን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ ታዛዥ ነው። ያለፈው ደብዳቤህ ቀን አልተጻፈበትም። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራች እህት እንዳለችህ አትርሳ። ቀን የሌለው ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም፤ ያንተን ግን ስለናፈቅሁህ ተቀበልኩት።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በስልክ ያልጨረስነውን ለመጨረስ ነው። መስመሩ ተቋርጦ መስሎህ ከሆነ አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተቆጥቼ ነበር። አሁን ቁጣዬ በርዷል፤ የቀረው መደነቅ ብቻ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው በሥርዓት ልንገርህ።

ደራርቱ፣ የልጄ ልጅ፣ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እንደምትጠግን ታውቃለህ። ኮምፒውተር የተማረችው ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም። ባኮ ያሉት የእናቷ ወገኖች በየዓመቱ በቆሏቸውን ነቀዝ ሲፈጅባቸው እያየች ነው ያደገችው። ሦስት ዓመት ለፍታ አንድ መሣሪያ ሠራች። ቀጭን ዘንግ ናት፤ ጫፏ ላይ ድምፅ የሚቀበል ነገር አለ። ጎተራው ውስጥ ትተከላለች። ዘንጓ የሰማችውን ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ይመረምርና የነቀዙን ድምፅ ከዝናቡና ከአይጡ ይለያል፤ ከዚያም ነቀዝ ባለበት በኩል ያለውን ማራገቢያ ብቻ ያስነሳል። እህሉ ሲቀዘቅዝ ነቀዙ መብላቱንም መራባቱንም ያዘገያል።

ሂርጳ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ያደረገችልኝን ቀን አልረሳውም። ዝም ያለ የበቆሎ ክምር ነው የማየው። በጆሮዬ ግን ጥቃቅን ጥርሶች ይሰማሉ፤ ክርክር፣ ክርክር፣ ክርክር። ሰባ አምስት ዓመት በቆሎ ስበላ ኖሬ ይህን ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደመጣ አሁንም በትክክል ልነግርህ አልችልም።

በ2010 ዓ.ም. በጎተራዬ የተከተተው በቆሎ አዲሱ እስኪደርስ ሳይበላሽ ከረመ። ኅዳር 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ጉደር በሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የመከር ምስጋና ነበር። ወጉን ታውቀዋለህ። ሰው በየተራ ይነሳል፣ “ጌታ ረድቶናል” ይላል፣ አሜን ይባልለታል፣ ይቀመጣል። እኔ ዝርዝር የሌለው ምስክርነት ምስክርነት አይመስለኝም። ስለዚህ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዘንጓ ስንት ክንድ እንደምትገባ፣ ነቀዙ ሲያኝክ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚሰማ፣ ፕሮግራሙ የዝናቡን ድምፅ በምን እንደሚለይ፣ ማራገቢያው በየትኛው በኩል እንደሚነሳ። መጋቢው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ኦቦ ዓብዲሳ ብዕሩን እንደያዘ፣ “ሽታዬ፣ የምትመሰክሪው ለጌታ ነው ወይስ ለመሐንዲስ?” አለኝና ሰው ሳቀ። እኔም ጌታ መሐንዲስ ካልሆነ ሰማይን ማን አቆመው ብዬ መለስኩለት። እሱም የተናገርኩትን ሁሉ ሳያጎድል ከቃለ ጉባኤው ውስጥ ጻፈው።

ይህ ካለፈ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ደራርቱ ለመሣሪያዋ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ለመጠየቅ ወሰነች። ሃቦኔ የምትባል ወጣት ጠበቃ አለች፤ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወላጆቿን ልትጠይቅ አምቦ ትመጣለች። ኅዳር 6 ቀን እቤቴ ተቀምጠን በ1987 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ አነበበችልን። እኔ ሕግ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የማውቀው የድንበር ክስና የውርስ ክርክር ኖሯል።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻውን ፓተንት አያገኝም አለችን። ሕጉ እንደ ሒሳብ ዘዴና እንደ ጨዋታ ደንብ ነው የሚያየው። ደራርቱ ፊቷ ጠቆረ፤ ያዘጋጀችው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ “ድምፅ የሚለይ ፕሮግራም” ነበርና። እኔም የሦስት ዓመት ድካሟ እንግዲህ ከንቱ ሊሆን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሃቦኔ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “እማማ፣ ፕሮግራሙ ስልክ ውስጥ የሚያስበው ሐሳብ የማንም አይደለም። ከዘንጓ ድምፅ ተቀብሎ፣ ማራገቢያ አስነሥቶ፣ እህል ሲያቀዘቅዝ ግን በዓለም ላይ አንድ ነገር ሠራ። የምንጠይቀው ለዚያ ሥራ ነው። መርማሪው ይቀበለን አይቀበለን ግን ቃል አልገባም።” አንተ እዚያ ለመሣሪያዋ ያማከርከው የጀርመን ጠበቃም ይህንኑ እንደነገረህ አስታውስ። ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች ሐሳብን ለሁሉም ትተው ሥራውን ለሠሪው ለመስጠት አንድ ዓይነት መስመር ማስመራቸው አስደነቀኝ።

መስፈርቱ በዚህ አያበቃም። በሙያው ያለ ሰው እንዲያው በቀላሉ ሊደርስበት የሚችል መሆን የለበትም። ሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። ደግሞ ምሥጢሩ ሳይሸሸግ፣ ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ተገልጦ መጻፍ አለበት፤ የደበቀ አያገኝም። ከሁሉም በላይ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ አዲስነቱም ለአምቦ ወይም ለኢትዮጵያ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ ነው። በጽሑፍ ይሁን በአፍ፣ የትም ቦታ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስ አይባልም።

ሃቦኔ ይህን ካለች በኋላ ለሰው የነገርሽው አለ ወይ ብላ ደራርቱን ጠየቀቻት። ደራርቱ ከአያቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም አለች። ሃቦኔ ሳቀችና አያት አደባባይ አይደለችም አለች። “ልጄ፣” አልኳት፣ “እኔ አደባባይ ሆኛለሁ።”

ደራርቱ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጉደር ሄጄ ኦቦ ዓብዲሳን መዝገቡን አስወጣሁት። ሃቦኔ የገጹን ግልባጭ አንብባ ጭንቅላቷን ያዘች። “እኒህ ሰውዬ ከእኔ የተሻለ የፓተንት መግለጫ ጽፈዋል” አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንደ ሌሎቹ “ጌታ ረድቶናል” ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ምንም ጉዳት አልነበረም። አዲስነትን የሚያጠፋው ሰምቶ መሥራት የሚያስችል ንግግር ነው። የእኔ ንግግር ደግሞ ያስችላል። የአገራችን ሕግ ግን መሐሪ ነው። ነገሩ የወጣው በአመልካቹ በኩል ከሆነና ማመልከቻው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከገባ እንዳልተገለጠ ይቆጥርለታል። ለዚያ የቀረን ስምንት ቀን ብቻ ነበር። ደራርቱ ሱቋን ዘግታ ጽሑፉን ከሥሩ እንደገና ጻፈችው፤ ሃቦኔ በስልክ እያረመቻት። የእኔን ምስክርነት ከነቀኑ አብራ ገለጠች። ኅዳር 11 ቀን አዲስ አበባ ገብታ አስገባችና ቀኑ የተመታበትን ደረሰኝ ይዛ መጣች። መልሱ ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ ምርመራው ጊዜ ይፈጃል።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። እዚያ ያለው ድርጅት መሣሪያዋን በአውሮፓ ሊያመርተው እንደሚፈልግ፣ የሚፈልገው ግን ፓተንት ካለው ብቻ እንደሆነ፣ ለዚህም ስንት ወር እንደደከምክ አውቃለሁ። የዚያ አገር ሕግ ደግሞ የእኛን አሥራ ሁለት ወር አያውቅም፤ ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የተነገረ ሁሉ እዚያ አዲስ አይደለም። እሑድ ይህን ስነግርህ፣ “እትዬ፣ ጉደር አዳራሽ ውስጥ አርባ ሰው ፊት የተባለውን እዚህ ማን ሰማው? ዝም በይ” አልከኝ። ለደራርቱ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ስልኩን የዘጋሁት ግን ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ሰነበትኩ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ፣ ያልተጻፈ ቃል ነፋስ ነው እያልኩ ስንቱን ባላገር መልሻለሁ። አሁን ግን ሕጉ፣ አንዲት አሮጊት ጉደር ላይ አፏን ከፍታ የተናገረችውን፣ ጀርመን ያለ መሐንዲስ አጠገቧ ተቀምጦ እንደሰማ ይቆጥረዋል። የእኛን አዳራሽ ከዓለም ቆጠረው፣ ሂርጳ። እነዚያ አርባ ሰዎች ሕዝብ ናቸው አለ። በዕድሜዬ ሁሉ ማንም እንዲህ ቆጥሮን አያውቅም። አንተ ማን ሰማው ስትለኝ የሰሙትን ሰዎች ሰው አይደሉም እንዳልከኝ ያህል ተሰማኝ። እንደዚያ ማለትህ እንዳልሆነ ልቤ ያውቃል።

ደራርቱን ጠርቼ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ጉዳቱም ያንቺ ነውና አልኳት። “አኮ፣ አያቴ፣ የተናገሩትን መልሰው ይዋጡ አልልዎትም። ደግሞም ለምስጋና የሰጡት ነው፤ ለአውሮፓ ገበሬ ደርሶት ከሆነ ይሥራበት” አለችኝ። ድርጅቱን ግን በጣም ትፈልገው ነበር።

ስለዚህ የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ከማኅተሙ ጋር፣ የእኔንም የተፈረመ ቃል ጨምሬ ልኬልሃለሁ። ሁለቱንም ለጀርመኑ ጠበቃ ስጥልኝ፤ የአውሮፓው ማመልከቻ ይቅር። ብትቆጣ ተቆጣ፣ እኔም ተቆጥቼሃለሁና እኩል ነን። ለዶርቃስ ዓይኗን እንዳታሽ ንገርልኝ፣ ሰላምታዬም ይድረሳት። አቢጊያን ጉንጯን ሳምልኝ፤ በአማርኛ ሁለት መስመር እንድትጽፍልኝ እጠብቃለሁ። ኦቦ ዓብዲሳ ሰላም ብሎሃል፤ ጽሑፉ ጀርመን ሊነበብ ነው ስለው ልብሱን አስተካከለ። ሃቦኔም ሰላም ብላሃለች። ደራርቱ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ስጨርስ ኤንቨሎፑን ራሷ ልታሽገውና ራሷ ፖስታ ቤት ልታደርሰው እጇን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው።

አክባሪና ወዳጅ እህትህ
ሽታዬ

አምቦ፣ ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.