የቸስተር ቦት ጫማ

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ውሃ ሠላሳ ጋሎን። ጋዝ ግማሽ። ባትሪው ሙሉ፤ የአሪዞና ፀሐይ አልሰሰተችም።

መኖሪያ መኪናዬን ከደረቁ ወንዝ ዳር አቆምኩ። ከአስፋልቱ ብዙ ርቄያለሁ። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። አምና ለጌጥ የምሸጠውን ቀይ ድንጋይ ያገኘሁት እዚህ ነው። ቅዳሜ ገበያው ሲከፈት ጠረጴዛዬ ባዶ እንዳይሆን...

እንደ ወትሮው ቸስተርን አወጣሁት። ትልቁን ቦት ጫማ ከደረጃው ሥር። ሁለተኛውን ወንበር ከጎኑ። የውሻውን ሰሃን ውሃ ሞልቼ፣ ከነሰንሰለቱ። ባልም ውሻም የለኝም፤ ያለኝ ለማስመሰል ነው። በዚህ በረሃ ብቻዋን የምታድር ሴት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች። ጫማውን የሸጠልኝ ዱዌይን ነው፣ ገበያ ላይ ከጎኔ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው። "አሥራ ሦስት ቁጥሩን ውሰጂ ሎርና" አለኝ ያኔ። "ካገባሽ አይቀር ግዙፉን አግቢ።" ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

ጥሩ ቀን። ሁለት ባልዲ ድንጋይ።

ከሰዓት በኋላ ምሥራቅ ሸንተረሩ ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። በሩቅ ማሳያ መነጽሬ አየሁት። ነጭ ፒክአፕ። ሰው የለበትም። እስኪመሽ ከቦታው አልተነቃነቀም። አዳኝ ይሆን? አሁን ምን የሚታደን አለ... በሩን ቆለፍኩ። ተነስቼ እንደገና አየሁት፣ ተቆልፏል።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

የውሻው ሰሃን ባዶ ነው። ማታ እስከ አፉ ሞልቼው ነበር።

ተኩላ ነው አልኩ ለራሴ። ተኩላ ግን ሰሃን ይገለብጣል፣ ይጎትታል። ይሄ ካስቀመጥኩት ቦታ ፍንክች አላለም። ፀሐይ አደረቀው እንዳልል... በሌሊት ምን ፀሐይ አለ?

በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ውስጥ ዞርኩና ጮህኩ፦ ቸስተር፣ ጠመንጃውን ይዘህ ውጣ፣ እዚህ ሰው አለ! ድምፄ ከሸንተረሩ ተመለሰልኝ። ከዚያ ጭጭ። ለባዶ አልጋ መጮህ... ግን ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰሃኑን መልሼ ሞላሁት፤ ውሻ ያለው ሰው ሰሃን ባዶ አይተውም። ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ አልራቅኩም። አንድ ባልዲ እንኳ አልሞላም።

ፒክአፑ አሁንም እዚያው ነው።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ጠዋት ጫማው የለም።

በቦታው ሌላ ጫማ አለ። ሸራ፣ ሶሉ የተገነጠለ። ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ በሩ። ሰሃኑም ዳግም ባዶ።

እንግዲህ ሰውየው ደጃፌ ተቀምጦ ጫማውን አውልቋል። እኔ ከዚያች ስስ በር ወዲህ ተኝቼ። ቸስተር እንደሌለ አውቋል ማለት ነው? አሁንስ የት ነው... መኪናዋ ሥር? ጣሪያው ላይ? የራሱን ለምን ትቶልኝ ሄደ፣ መምጣቱን እንዳውቅ?

ድንጋዩም ወንበሩም ይቅር አልኩ። ሞተሩን አስነሳሁ። ግን ደረጃው ሳይታጠፍ መንዳት አይቻልም፣ ሸራ ጫማው ደግሞ ሥሩ ነው። ወረድኩ። አነሳሁት። ውስጡ ደም ነው፣ ደርቆ ጠጣር ሆኗል።

እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ሌባ በለውጡ የራሱን አይተውም። ሊጎዳኝ የመጣም ከውሻ ሰሃን አይጠጣም። በሩን ከማንኳኳት የውሻ ውሃ የመረጠ... ምን ፈርቶ?

ዱካው አሸዋው ላይ ቁልጭ ብሏል። አሥራ ሦስት ቁጥር፣ እየተጎተተ፣ ወንዙን ይዞ ወደ አስፋልቱ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከደጄ አንድ እርምጃ ያልተራመደው ቸስተር ጥሎኝ ሄዷል።

በሩን ቆልፌ፣ መስኮቱን ዘግቼ በዝግታ ተከተልኩት። ሁለት ጊዜ ልዞር መሪውን ጠምዝዣለሁ።

አንዲት ዛፍ ሥር አገኘሁት። ሽማግሌ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መኪናዋን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

"ጌታው እንዳይተኩሱ ይንገሩልኝ፣ እመቤት። ጫማቸውን እመልሳለሁ።"

"ባል የለኝም" አልኩ።

መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ይህን ብዬ አላውቅም።

ውሃ በትንሽ በትንሹ ሰጠሁት። ስሙ ኦርቪል ነው። እሱም ድንጋይ ለቃሚ። ፒክአፑን አሸዋ ውጦበት፣ ውሃ አልቆበት በእግሩ ወጥቶ ነው። ለምን አላንኳኩም አልኩት። ቦት ጫማውን አይቶ፣ ሰሃኑንም አይቶ ፈራ። በሌሊት የሰው በር የሚነካ ጥይት ነው የሚቀበለው። እና ጠጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኛ።

"ሲነጋ ግን እየመጣሁ ነበር" አለኝ። "ከዚያ ስለ ጠመንጃው ጮኹ።"

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እኔ እሱን ስጠብቅ፣ እሱ ቸስተርን ሲጠብቅ...

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

ትናንት ሆስፒታል አደረስኩት፤ ኦርቪል ይተርፋል። አንድ የእግር ጣቱ ግን አይተርፍም፤ መርቅዟል። አንድ ቀን ቢቀድም ኖሮስ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኩ። ይድን ነበር አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

ገበያ የደረስኩት አርፍጄ ነው። ዱዌይን ቦታዬን ይዞልኛል፤ ወሬውም ደርሶታል። "ባልሽ ኮበለለ አሉ" አለኝ። ሳልስቅ ስቀር ጠረጴዛውን አብሮኝ ተሸከመ።

ማታ ኦርቪልን ልጠይቅ ሄድኩ። ቦት ጫማውን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦልኛል። "ለጌታው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ትንሽ ሰፍቶኛል እንጂ" አለ እየቀለደ።

ጫማውን እንደገና ደጅ አወጣዋለሁ? አወጣዋለሁ። መፍራቱን አልተውኩም። እስከ ዛሬ ተኝቼ የማዳምጠው ወደ ደጄ የሚመጣውን ኮቴ ነበር። አሁን ግን ሌላም አለ... ደርሶ፣ ሳያንኳኳ የሚመለሰው።

ነገ፦ ከዱዌይን ዘጠኝ ቁጥር ጫማ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ለኦርቪል። ቧንቧ ያለው የውሃ ጀሪካን፣ ለደጃፉ።