ምሩናል ያልጠበሰችው ቻክሊ

ጥቅምት 4
ዝናቡ የቆመ መሰለኝ። ፍራሾቹን ሰገነት ላይ አሰጣሁ። የምሩናልን ብርድ ልብስ ግን ሳላጥብ መልሼ አጠፍኩት... ሽታዋ ገና አለ።
ከታች ቤት ኢንዱ ተጣራች። "አንቺ ቫሳንቲ! ዛሬም ባዶ ሆድሽን ነው?" ምስር ወጥ ከድና ይዛ ወጣች። ልጄ ምሩናል ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነው፣ ኢንዱ አንድ ቀን አልቀረችም። ተመስገን።

ጥቅምት 6
ጊሪሽ ደወለ። ለልጄ ማስታወቂያ ያመጣላት የነበረው። ዘይቱን፣ መጥበሻውን፣ ቅመሙን ከዚሁ ኩሽናችን ሆና በስልክ ታሳያለች፣ ሰዉ አይቶ ይገዛል። ሥራዋ ይኸው ነበር። ስትሞት ቃሬዛዋን ከወንድሜ ጋር ተሸክሟል። አልረሳለትም።
"እትዬ፣ የዘይት ኩባንያው ምሩናል እንድትቀጥል ይፈልጋል።"
"ማን ትቀጥል?"
"ኮምፒውተር ይሠራታል። መልኳን፣ ድምጿን... የድሮ ቪዲዮዎቿ ይበቃሉ። አሁን ሥራው ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ነው። አይደክማት፣ አያማት..."
አያማት ሲል ራሱ ደነገጠ። 
የእኔ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ለዲዋሊ በዓል እንዲደርስ።

ጥቅምት 7
ድምጿን እንደገና መስማት... የትኛዋ እናት እምቢ ትላለች?

ጥቅምት 11
ሙከራውን ላከልኝ። እሷው ናት። ፀጉሯን ወደ ጆሮዋ ኋላ ስታደርግ እንኳ... ስልኩን ሳምኩት። ኢንዱን ጠርቼ አብረን አለቀስን።
"ልፈቅድ ነው" አልኳት።
"ፍቀጂ እንጂ። በሳምንት አንዴ እንኳ ብታዪያት ምን አለ?"

ጥቅምት 12
ጠዋት ሳላለቅስ አየሁት። ቻክሊ ትጠብሳለች። ጠምዛዛው ሊጥ ዘይቱ ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል። በእኛው ኩሽና። "ዘንድሮም ለዲዋሊ ከእናቴ ጋር ጠበስን!" ትላለች እየሳቀች።
ዘንድሮ?
ሰው የሞተበት ቤት ዓመቱ ሳይሞላ ለበዓል ዘይት አይጥድም። ጎረቤት ያመጣለታል እንጂ። ይህን ምሩናል አሳምራ ታውቃለች። አባቷ የሞተ ዓመት ገና ሕፃን ነበረች። ቻክሊ አምሯት፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የጎረቤት ሳህን ስትጠብቅ...
ይህችኛዋ አታውቅም። ቤቱ ሐዘን ላይ መሆኑን አታውቅም። የሞተችው ማን እንደሆነችም አታውቅም።
ኢንዱም አየችው። "እናንተ ከጠበሳችሁ፣ እኔ ለማን ላመጣ ነው?"

ጥቅምት 14
ጊሪሽ ራሱ መጣ። ስለ ቻክሊው ነገርኩት፤ አልፈቅድም አልኩ። ፊቱ ቀላ።
"ይስተካከላል እትዬ። ቻክሊውን እናወጣዋለን፣ ሌላ ነገር ታሳያለች..."
"መሞቷንስ ማን ይነግራታል? ቃሬዛዋን አንተ ራስህ ተሸክመህ የለ ልጄ?"
አንገቱን ደፋ። "እንግዲህ ኩባንያው ሌላ ፊት ይፈጥራል። እናት የሌላት።"
"እሷንም አምላክ ይርዳት" አልኩ። ሳቅ አመለጠን... ከስንት ጊዜ በኋላ!
ተከታዮቿ በየቀኑ ይጽፋሉ አለ፣ በዓሉ ደረሰ፣ እናቷ እንዴት ሆኑ እያሉ። ምን ልበላቸው? አለኝ። እውነቱን በላቸው አልኩት። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ገጿ ላይ ጻፈ። ቤታችን ሐዘን ላይ ነው። የሐዘን ቤት አይጠብስምና ዘንድሮ ቻክሊ የለም። ልጄን ስለወደዳችኋት አመሰግናለሁ። ይኸው ነው።
እሱ ሲሄድ ያን ቪዲዮ አጠፋሁት።  ሁለተኛ የሞተችብኝ መሰለኝ... ጥሩ ነው ያደረግኩት?

ጥቅምት 19
በር ተንኳኳ። ሁለት ሴቶች፣ የልጄ ተከታዮች፣ ቤቱን ከጊሪሽ ጠይቀው ከሳንግሊ በአውቶቡስ የመጡ። አላውቃቸውም። አንድ ቆርቆሮ ቻክሊ ይዘዋል።
"የሐዘን ቤት አይጠብስም ብለው የለ እትዬ? ጎረቤት ነን፣ ይዘን መጣን።"
"ሳንግሊና የእኛ ኮልሃፑር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጎረቤት?" አለች ኢንዱ። ቅናቷ!
"በስልክ ከሆነማ ግድግዳ ለግድግዳ ነን!"
ታላቅየዋ ስለ ምሩናል አጫወተችኝ። አንዴ ዘይት እንድታሞግስ ተልኮላት፣ አሽትታ፣ "ይሄንንስ ለእናቴ አልሰጣትም፣ እናንተም አትግዙ" ብላ ኩባንያውን አስኮርፋ ነበር። "ከዚያ ወዲህ ነው ያመንናት" አለች።
እኔ አልሰማሁም ነበር። ልጄ አንድም ቀን አልነገረችኝ። ኮምፒውተሩ የማላውቀውን ይነግረኝ ነበር? እነዚህ ሴቶች ግን ነገሩኝ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ጥቅምት 22
ዲዋሊ። ከየአገሩ የመጣው ቻክሊ መደርደሪያውን ሞልቶ ወለል ላይ ወርዷል። ጊሪሽ እንኳ የእናቱን ይዞ መጣ። ኢንዱ፣ "መጀመሪያ የእኔን ቅመሺ፣ አለበለዚያ እኮርፋለሁ!" አለች። ቀመስኩ። የሳንግሊው ይሻላል፣ አልነገርኳትም።
አንዲት ልጅ ከላቱር የድምፅ መልእክት ልካለች። አዲስ ሙሽራ ናት፣ አማቷ ቤት ቻክሊዋ ዘይት ውስጥ እየተበተነ ልታለቅስ ደርሳለች። "ምሩናል ብትኖር እጠይቃት ነበር..."
ጊሪሽን ስልኬን ስጠኝ አልኩት። የት እንደሚነካ አሳየኝ። "ሊጡ ላይ ያፈሰስሽው ትኩስ ዘይት በዝቶ ነው ልጄ። ዱቄት ጨምሪበት፣ ደግመሽ እሺው። አይዞሽ።" ድምፄ አልተሰበረም።
ከሰዓት፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ መለሰች። ከኋላዋ መጥበሻው ይንጫጫል፣ ሰዎች ይስቃሉ።
"እማ! አልተበተነም!"
ስልኩን ገና ሳልነካ፣ ባዶ ኩሽና ውስጥ፣ "ወዬ" አልኩ።